አባቱ የካደው ልጅ፤ ከቂርቆስና ከካዛንቺስ ሰፈር ታሪክ



የኢዮቤልዩ በዓል በሚከበርበት ጊዜ ስለ ሕንፃው፣ ስለ ጉልላቱ፣ ስለ ደወሉና ስለ ንዋየ ቅድሳቱ መጻፍ የተለመደ ነው፤ መልካምም ነው። እኔ ግን የኢዮቤልዩን ትርጓሜ ከመጽሐፍ ስመለከት ሌላ ነገር እንድጽፍ ልቤ አስገደደኝ። በኦሪት ዘሌዋውያን እንደምናነበው፣ ኢዮቤልዩ በ50ኛው ዓመት መለከት ተነፍቶ ባሪያ ነጻ የሚወጣበት፣ የተሸጠ ርስት ለባለቤቱ የሚመለስበት፣ ከወገኑ የተለየ ሁሉ ወደ ወገኑ የሚገባበት ዓመት ነበር። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የሕንፃ ዕድሜ የሚቈጠርበት ብቻ ሳይሆን የተጣለ ሰው የሚጠራበት በዓል ከሆነ፣ በእኛ ሰፈር ታሪክ ውስጥ ማን ተጥሎ እንደ ነበረ፣ ማንስ እንዳነሣው መጠየቅ ይገባናል።

ይህን ጥያቄ ይዤ የሰፈራችንን ያለፈ ዘመን ስመረምር ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው በጠላት ወረራ ዘመን ከኢጣልያዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደው ልጅ ነገር ነው። አባቱ በሕግ ተከልክሎ ካደው፤ ጎረቤቱም ሰደበው። እርሱ ግን በማንም ላይ አንዳች ክፉ ሳይሠራ ሁለት ጊዜ ተጣለ። ስለ እርሱ፣ ስለ እናቱና ስለ አባቱ በተራ እጽፋለሁ፤ ክርስቲያናዊ ፍቅር በእነዚህ በሦስቱ ዘንድ በሦስት ደረጃ ይፈተናልና።

ስለ ሰፈሩ ስም

ካዛንቺስ የሚለው ስም የግዕዝም፣ የአማርኛም፣ የኦሮምኛም ቃል አይደለም። የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፣ ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራ አንድ ድርጅት በዚህ ስፍራ ቤቶችን አቆመ። የድርጅቱ ስም በአጭሩ ሲጠራ ‹ኢንቺስ› ይባል ነበር፤ ‹ካዜ› ማለትም በኢጣልያንኛ ቤቶች ማለት ነው። ‹ካዜ ኢንቺስ› ሲባል የሰማ ያገራችን ሰው ቃሉን ለአፉ እንደሚመች አድርጎ ‹ካዛንቺስ› አለው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ድረስ ቀረ።

በዚያን ዘመን ወራሪው መንግሥት የነደፈው የከተማ ፕላን ነጭንና ጥቁርን ለየብቻ የሚያሰፍር ነበር። ለኢጣልያኖች የተለየ ሰፈር፣ ላገሬው ሰው የተለየ ሰፈር እንዲሆን ታዘዘ፤ የአገሬው ገበያም ከአራዳ ተነሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ወደ ምዕራብ ተወሰደ። ካዛንቺስም እንግዲህ በመጀመሪያ ሲታሰብ ኢትዮጵያዊ ባለቤት ሆኖ እንዳይቀመጥበት የታሰበ ሰፈር ነው።

ከዚያው በስተ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ የሦስት ዓመት ሕፃን ስም የሚጠራበት የቂርቆስ ሰፈር አለ። ዛሬ ሁለቱም በአንድ ክፍለ ከተማ ታቅፈው በሕፃኑ በቅዱስ ቂርቆስ ስም ይጠራሉ። አንደኛው ስም ሰውን በዘሩ ከለየ መንግሥት ተረፈ፤ ሁለተኛው ግን ከእናቱ ጋር ከሀገር ወደ ሀገር ከተሰደደ ሕፃን ተገኘ። አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ መኖሩ እኔን ያስደንቀኛል።

ስለ ኢጣልያ ሕግ

ነገሩ በወሬ ብቻ የሚነገር እንዳይመስል ሕጉን ከነቀኑ ላስታውስ። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. የወጣው የኢጣልያ ሕግ፣ አንድ ኢጣልያዊ በምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ካለች ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ሆኖ ቢኖር ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት በእስራት እንዲቀጣ ያዝዛል። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ አድርግ! ሕጉ የተነሣው ዝሙትን ሊከለክል አልነበረም። ገንዘብ ከፍሎ አንድ ሌሊት አድሮ የሚሄድ ሰው በዚህ ሕግ አይያዝም ነበር። የሚያዘው ከሴቲቱ ጋር በአንድ ማዕድ የሚበላ፣ ስትታመም የሚያስታምማት፣ እንደ ሚስት የሚያከብራትና የሚወድዳት ሰው ነበር። በፍርድ ቤትም ፍቅሩ ራሱ እንደ ወንጀል ማስረጃ ይቈጠርበት ነበር። ሰው በኃጢአቱ ሳይሆን በፍቅሩ ሲከሰስ ከዚህ የበለጠ የሕግ መገለባበጥ ከወዴት ይገኛል?

ከ3 ዓመትም በኋላ፣ ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ ከዚህ የባሰ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ከኢጣልያዊና ካገሬው ሰው የተወለደ ልጅ እንዳገሬው ሰው ይቈጠራል እንጂ የኢጣልያ ዜግነት የለውም። አባቱ ‹ልጄ ነው› ብሎ በሕግ ሊቀበለው አይችልም፤ ስሙንም ሊያወርሰው አይችልም። ማሳደጉና ማስተማሩም ባገሬው ወላጅ፣ ማለት በድኻዪቱ እናት ጫንቃ ላይ ብቻ ተጣለ። ክፉ አባት ልጁን መካዱ በዓለም ሁሉ የታየ ነው። መንግሥት ግን ደጉንም አባት ‹ልጅህን ካልካድህ አታመልጥም› ብሎ ሲያስገድድ ይህ የዚያ ዘመን ልዩ ክፋት ነው። ሕጉን ተላልፈው ሚስቶቻቸውን ያልተዉ፣ ልጆቻቸውንም በጓዳ ያሳደጉ ኢጣልያኖች እንደ ነበሩ ግን መመስከር ይገባል፤ እውነት ለወዳጅም ለጠላትም እኩል ትነገራለችና።

ስለ ልጁ

ኢጣልያ ‹የእኔ አይደለም› ያለችው ልጅ በኢትዮጵያ ሕግ ማን ነበር? ጠላት ከመምጣቱ በፊት በ1922 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ፣ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው በኢትዮጵያ ቢወለድ ወይም በውጭ አገር ቢወለድ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። አባት ወይም እናት! በዚህች ‹ወይም› በምትል በአንዲት ቃል ውስጥ ምን ያህል ልጅ እንደ ተጠለለ አስቡት። ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ ሥልጣኔ አመጣሁላችሁ ብሎ በአውሮፕላን የመጣው መንግሥት ልጅን ከአባቱ ሲያፋታ፣ ኋላ ቀር የተባለው መንግሥት ግን አስቀድሞ ለዚያው ልጅ በር ከፍቶለት እንደ ነበረ ያያል።

ቤተ ክርስቲያንም የከፈተችለት በር ነበረ። እናት ወንድ ልጇን በ40፣ ሴት ልጇን በ80 ቀን ይዛ ስትመጣ ካህኑ የልጁን የቆዳ ቀለም አይመረምርም። አባት ለሌለው ልጅ የክርስትና አባት ይቆምለታል፤ ስም ለሌለው የክርስትና ስም ይሰጠዋል፤ ማዕተብም በአንገቱ ይታሰርለታል። ባለጸጋው ልጅ የተጠመቀበት ውኃ ለእርሱ የተለየ አይደለም። በቤትም በኩል ልጅን በእናቱ አባት ስም ማስጠራት፣ በጉዲፈቻ ማሳደግ፣ ጡት አጥብቶ የጡት ልጅ ማድረግ በሀገራችን የቈየ ልማድ ነው። ስለዚህ ብዙ አያቶች ‹የልጄ ልጅ ልጄ ነው› ብለው ስማቸውን ሰጥተው አሳደጉ። አባቱ በሕግ የነፈገውን ስም አያቱ በፍቅር ሰጠው ማለት ነው።

ነገር ግን ታሪክን የምንጽፍ ሰዎች ራሳችንን ብቻ ልናመሰግን አይገባንም። ሕጉ የተቀበለውን ልጅ፣ ጥምቀት የተቀበለችውን ልጅ፣ የመንደሩ ምላስ አልተቀበለውም። ‹ዲቃላ› ተባለ፤ ‹የሰላቶ ልጅ› ተባለ። በጨዋታ ላይ ሲጣላ፣ በእርሻ ድንበር ሲከራከር፣ ሚስት ሊያገባ ሲጠይቅ ያ ስድብ ከወደቀበት እየተነሣ ይመጣበት ነበር። አስቡት እንግዲህ፤ እኛ ፒያሳ ስንል፣ መርካቶ ስንል፣ ፉርኖና ጎሚስታ ስንል፣ ካዛንቺስም ስንል ማንም አያፍርም። ጠላት ትቶት የሄደውን ቃል ያለ ጥያቄ ተቀብለን የአማርኛ ዜጋ አደረግነው፤ ከእህታችን ማኅፀን የተወለደውን ልጅ ግን እንግዳ አደረግነው። ቃሉ አማርኛ ሲሆን ልጁ እንዴት ኢትዮጵያዊ አይሆንም?

እኔ ራሴ የዚህ ኃጢአት ተካፋይ ነበርሁ፤ በኢዮቤልዩ ቀን ዕዳን መናገር ይገባልና እናገራለሁ። በቅኔ ቤት ተማሪ ሳለሁ አያቱ ኢጣልያዊ የነበረ አንድ ጓደኛ ነበረን። ከእኔ ይልቅ ቅኔ ፈጥኖ የሚሞላለት ልጅ ስለ ነበረ ቅናት ያዘኝ። አንድ ማታም በጉባኤ ቃና የአያቱን ነገር ሰም አድርጌ፣ እርሱን ወርቅ አድርጌ ሰደብሁት። ጓደኞቼ ሁሉ ሳቁ። የኔታ ግን ጥቂት ዝም ብለው ቈይተው ‹ልጄ፣ ቤት መምታቱንስ መታህ፤ ነገር ግን የመታኸው የወንድምህን ቤት ነው። ተነሥና ውኃ ቀድተህ እግሩን እጠብ› አሉኝ። እያፈርሁ አጠብሁት። እርሱም አንዱን እግር እንደ ጨረስሁ ‹ይበቃል ወንድሜ› ብሎ ሁለተኛውን ሰበሰበ። ያ ቀን ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖአል፤ እኔ ግን ጸሎተ ሐሙስ በመጣ ቍጥር ያላጠብሁት ሁለተኛው እግር ይታየኛል።

‹መጽሐፍ ራሱ ዲቃላ ወደ ጉባኤ አይግባ ይል የለምን?› የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። አዎን፣ በኦሪት ዘዳግም ተጽፏል። ነገር ግን መጽሐፍን በአንዲት ገጽ የሚያነብ ሰው መጽሐፍን አላነበበም። ዮፍታሔ ከጋለሞታ ተወልዶ ወንድሞቹ ከአባቱ ቤት አሳደዱት፤ እግዚአብሔር ግን በእርሱ እጅ እስራኤልን አዳነ፤ ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ዕብራውያን በጻፈው መልእክት ከእምነት ሰዎች ጋር ቈጠረው። እስማኤል ከእናቱ ከአጋር ጋር ወደ ምድረ በዳ በተጣለ ጊዜ እግዚአብሔር የሕፃኑን ልቅሶ ሰማ። ቅዱስ ማቴዎስ የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ ትዕማርን፣ ረዓብን፣ ሩትንና የኦርዮን ሚስት አልሸሸገም። ነቢዩ ሕዝቅኤልም ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም በግልጥ አስተማረ። ስለዚህ ያን ልጅ መውደድ ምሕረት እንኳ አይባልም፤ ምሕረት ለበደለኛ ነውና። እርሱን መውደድ ዕዳ መክፈል ነው።

ስለ እናቲቱ

ከልጁ ወደ እናቱ ስንሻገር ፍቅር ከበድ ይላል። ልጁን ‹ምን አደረገ?› ብሎ የሚያዝንለት ሰው እናቱን ‹ለምን አደረገች?› ብሎ ይፈርድባታል። ባሏ በጦር ሜዳ የወደቀ፣ ቤቷ የተቃጠለ፣ ልጆቿ የተራቡባት ሴት ነበረች። በግድ የተወሰደችም ነበረች። እንጀራ ፍለጋ ወዳ የገባችም ነበረች፤ ከልቧ የወደደችም ነበረች። ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም ይጠራቸዋል፤ በልባቸው ያለውን የሚያውቅ ግን እግዚአብሔር ብቻ ነው። ኢጣልያኖች ‹ማዳማ› ብለው ሲንቋት ያገሯ ሰው ደግሞ የጠላት ሚስት ብሎ ናቃት። ከሁለት ወገን የተናቀች ሴት ልጇን በጀርባዋ አዝላ ወዴት ትሄዳለች?

ይህ ኃጢአት የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ከዓለም ታሪክ ጥቂት ልጥቀስ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ከጀርመን እጅ ነጻ ስትወጣ፣ ከጀርመን ወታደር ጋር ታይታችኋል የተባሉ ወደ 20,000 የሚገመቱ ሴቶች በአደባባይ ጠጉራቸው ተላጨ። በኖርዌይም ከጀርመን ወታደሮች ከ10,000 እስከ 12,000 የሚገመቱ ልጆች ተወልደው ነበር። ብዙዎቹ እናቶች ታሰሩ፤ ከሥራም ተባረሩ፤ ልጆቹም በስድብ አደጉ። የኖርዌይ መንግሥት እነዚያን ሴቶች በጠቅላይ ሚኒስትሩ አፍ ይቅርታ የጠየቀው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ጦርነቱ ካለቀ ከ70 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። የዚያን ጊዜ ከእናቶቹ አብዛኞቹ በመቃብር ነበሩ። የዘገየ ይቅርታ ከመቅረቱ ይሻላል፤ ነገር ግን በመቃብር ላይ የሚፈስ ውኃ የሞተን ሰው ጥም አይቈርጥም።

የእኛ ደብር ጠባቂ ቅዱስ ቂርቆስ ስለ እናት የሚያስተምረን ነገር አለው። በሀገራችን በሚነበበው ታሪክ እንደምንሰማው፣ ቅድስት ኢየሉጣ ሕፃኗን አቅፋ ከሮም ወደ ጠርሴስ ተሰደደች፤ የሸሸችው መኰንንም በዚያ አገኛት። ሕፃኑ ስሙን ሲጠየቅ አስቀድሞ ክርስቲያን መባሉን ተናገረ፤ ቀጥሎም እናቱ ያወጣችለትን ስም ነገረ። የአባቱን ስም አልጠራም። ስለ ፈላው ውኃም ሲነገር፣ ኢየሉጣ ድምፁን ሰምታ በፈራች ጊዜ ሕፃኑ አልናቃትም። ‹ፈሪ ነሽ› አላላትም፤ ጥሏትም ብቻውን ወደ ሰማዕትነት አልሄደም። ስለ እርስዋ ጸለየ፤ አጽናናት፤ ሁለቱም አብረው ገቡ፤ መልአኩ ቅዱስ ገብርኤልም እሳቱን አበረደው። ሐምሌ 19 ቀን በየዓመቱ የምናከብረው ይህን ነው። በእሳት ፊት የፈራችን እናት ያጽናና ሕፃን ጠባቂያችን ከሆነ፣ በዚያ በጭንቅ ዘመን የደከመችውን እናት በምን አፋችን እንኰንናለን? ጌታችንስ ለድንጋይ ውገራ የቀረበችውን ሴት ሲያድናት ከመጠየቁ በፊት አይደለምን?

ስለ አባቱ

አሁን ወደ ሦስተኛውና ወደ ከባዱ ደረጃ ደረስን። ልጁ ንጹሕ ነው፤ እናቲቱ ምስኪን ናት፤ አባቱ ግን ጠላት ነበር። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በሦስት ቀን ውስጥ የከተማው ሕዝብ በጥይት፣ በአካፋና በእሳት አለቀ፤ ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ለዓለም መንግሥታት ያቀረበችው ቍጥር 30,000 ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ተጨፈጨፉ። ይህን ያደረገ ሠራዊት ወገን የሆነውን ሰው ውደድ ማለት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ጠላት በገባበት ቀን 5 ዓመት ሲሞላ፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ገብተው ባደረጉት ንግግር፣ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ ጠላት ያደረገውን ግፍ እንዳያደርግ አዘዙ። በዚያን ሰዓት ሕዝቡ የሚያለቅስለት ሬሳ ያልነበረበት ቤት ጥቂት ነበረ። ብዙ ሺህ ኢጣልያኖችም ከሴቶችና ከልጆች ጋር በከተማው ውስጥ ነበሩ። የተፈራው ዕልቂት ግን አልሆነም። ይህ በሀገራችን ታሪክ ከታላላቅ ድሎች እንደ አንዱ መቈጠር ይገባዋል፤ በዐድዋ ጠላትን አሸነፍን፤ በሚያዝያ 27 ግን ቂምን አሸነፍን።

ምክንያቱ ሁሉ ንጹሕ ፍቅር ነበረ አልልም፤ ታሪክ ጸሐፊ ስብከት ላሳምር ብሎ እውነትን ሊያጐድል አይገባውም። እንግሊዞች ኢጣልያኖችን ከሀገር ለማውጣት ሲፈልጉ፣ መንግሥታችን ግን መካኒኩን፣ ግንበኛውን፣ አናጢውንና ሐኪሙን ለሥራ ይፈልገው ነበር። አብዛኛው ተወስዶ ወጣ፤ የቀረውም በፈቃድም በመሸሸግም ቀረ። ነገር ግን በትእዛዝ የተጀመረው ነገር በጎረቤትነት ፍቅር ሆነ። ትናንት ጠመንጃ ይዞ የመጣው ሰው መፍቻ ይዞ መኪና ሲጠግን፣ ያገሬውን ልጅ ሙያ ሲያስተምር፣ ልጁንም ክርስትና ሲያስነሣ ታየ። ለብዙዎቹም ልጃቸውን ‹ልጄ› ብለው በግልጥ ለመጥራት ነጻነት ያገኙት በራሳቸው መንግሥት ሥር ሳሉ ሳይሆን፣ በድል አድራጊዪቱ በኢትዮጵያ ሥር ነው። የተሸነፈ ሰው ልጁን የመውደድ መብት ካሸነፈው ሕዝብ እጅ ተቀበለ።

ይህ ማለት ግፍን መርሳት ነውን? አይደለም። የካቲት 12 በየዓመቱ ይታሰባል፤ ሐውልቱም በስድስት ኪሎ ቆሞአል፤ መቆምም ይገባዋል። ፍቅር የበደልን መዝገብ አያቃጥልም፤ በመዝገቡ ላይ ያልተጻፈውን ሰው በበደሉ አይከስስም እንጂ። የበደለውንም ቢሆን በሰውነቱ አይክደውም። ፍርድ ለዳኛ ነው፤ በቀል ለእግዚአብሔር ነው፤ ለእኛ የቀረልን የታመመውን ማስታመም፣ የተራበውን ማብላት ነው። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ ላይ የወደቀውን አይሁዳዊ ሲያነሣ፣ የአይሁድና የሳምራውያን ጠብ አልቆ ነበርን? አላለቀም። ጠቡ ሳያልቅ ዘይትና ወይን በቍስሉ ላይ አፈሰሰለት። ፍቅር ያለ ዋጋና ያለ ምክንያት ነው የሚባለው ስለዚህ ነው።

ስለ እኛ

ኢትዮጵያዊ እንዳይቀመጥበት የታሰበው ሰፈር በኋላ ምን ሆነ? በ1953 ዓ.ም. በካዛንቺስ ጎን የአፍሪካ አዳራሽ ተመርቆ ተከፈተ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ ነጻ መንግሥታት መሪዎች በዚያ አዳራሽ የአንድነት ድርጅታቸውን ቻርተር ፈረሙ። ጥቁር ሰው ከነጭ ተለይቶ ይኑር በተባለበት ስፍራ አጠገብ የጥቁር ሕዝብ መሪዎች ማዕድ ተዘረጋ። ግንበኞች የናቁት ድንጋይ የማዕዘን ራስ እንደሚሆን የሚናገረው ቃል በሰፈራችን በዓይን የታየ ነው።

ነገር ግን በዚያው ሰፈር ሌሎች የተናቁ ሰዎችም ነበሩ። ካዛንቺስ ለብዙ ዘመን የመሸታ ቤት ሰፈር ሆኖ ይታወቅ ነበር። ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ሴቶች በዚያ በሌሊት ሥራ ኖረዋል፤ አባታቸው የማይታወቅ ልጆችም ወልደዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ሊነጋ ሲል ነጠላቸውን ተከናንበው ከቅጥር ውጭ ቆመው ሲሳለሙ አይተናል። ወደ ውስጥ ለምን እንደማይገቡ የጠየቅናቸው ስንቶቻችን ነን? የኢጣልያ ሕግ ከፈረሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በእኛ ዓይን ውስጥ ግን አንድ አንቀጹ ሳይሻር ቀርቶ እንዳይሆን እፈራለሁ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። ዕድሩም ጽዋ ማኅበሩም ተበተነ። ቤት ሲፈርስ የቤቱ ታሪክ አብሮ እንዳይፈርስ ይህን ጽሑፍ ጻፍሁ። ደግሞም ዛሬ ከእኛ ብዙዎቹ በአዲስ ሰፈር እንግዳ ሆነዋል። የእንግድነትን ጣዕም የቀመሰ ሰው ሌላውን እንግዳ ሊገፋ አይገባውም።

እንግዲህ ለዚህ ለኢዮቤልዩ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ አባቱ ያልታወቀ ልጅ ለጥምቀት በመጣ ጊዜ የክርስትና አባት ለመሆን የደብራችን ታላላቅ ሰዎች ይሽቀዳደሙ፤ ለባለጸጋ ልጅ ክርስትና አባት መሆን ክብር ነው፤ ለዚህ ልጅ መሆን ግን ጽድቅ ነው። ሁለተኛ፣ ከቅጥር ውጭ ቆማ የምትሳለመውን ሴት ከመካከላችሁ አንዲት እናት ሄዳ ስሟን ትጠይቃት፤ ታሪኳን ግን አትጠይቃት፤ እጇንም ይዛ ወደ ውስጥ ታስገባት። ሦስተኛ፣ ‹ዲቃላ› የምትለዋ ስድብ ከአፋችን ትጥፋ፤ ልጆቻችንም ከእኛ አይስሟት።

ጉልላት ዝገት ያገኘዋል፤ ደወልም ይሰነጠቃል፤ ሕንፃም አንድ ቀን ይታደሳል። የተጣለን ሰው ‹ልጄ› ብሎ መጥራት ግን በሰማይ የሚቀመጥ ንዋየ ቅድሳት ነው። አባቱ የካደውን ልጅ እናቱ ካልካደችው፣ አያቱም ስሙን ከሰጠው፣ ቤተ ክርስቲያንም ካጠመቀችው፣ እኛ ደግሞ ወንድማችን ብለን እንጥራው። ያን ጊዜ የኢዮቤልዩ መለከት በእውነት ተነፋ ይባላል።

የሕፃኑ የቅዱስ ቂርቆስና የእናቱ የቅድስት ኢየሉጣ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።